ለጠያቂው አጨበጨብን፤ መልሱንስ ማን ተከታተለው?

(በደሳ ላይ ለተሰባሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር። በቦታው ላልነበራችሁ ሙሉውን እነሆ።)



ዛሬ ረጅም ዲስኩር ላሰማችሁ አልመጣሁም። አንድ ያየሁትን ነገር ልንገራችሁና ከዚያ ተነስተን እንነጋገር።

እዚሁ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ቴሌቪዥኑ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ስብሰባ ያስተላልፋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርበው የሚጠየቁበት ቀን ነው። አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ለመናገር ሲነሳ ቤቱ ጸጥ አለ። ብርጭቆ የሚያጥበው ልጅ እንኳ እጁን ከውሃው አውጥቶ ቆመ። ሰውየው ስለ ሰው ሞት ጠየቀ፣ ስለ መንገድ መዘጋት ጠየቀ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ጠየቀ። ደቂቃው አለቀና ተቀመጠ። ጠረጴዛ የሚደበድብ ነበር፣ «እሰይ የናቴ ልጅ!» የሚልም ነበር። ከዚያስ? መልሱ ሲጀመር ግማሹ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። የቀረውም የጥያቄውን ቪዲዮ ለጓደኛ ለመላክ ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

አጠገቤ የተቀመጠውን ወጣት «ምን ተመለሰለት?» አልኩት።

«እሱን እንኳ አልሰማሁም ጋሼ። ጥያቄው ግን አንጀቴን አራሰው» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ እዚህ ያመጣኝ ይህ ልጅ የሰጠኝ መልስ ነው። ልጁን ልወቅሰው አይደለም፤ እኔም ለብዙ ዓመት እንደሱ ነበርኩ። ግን እስቲ እናስበው። ጥያቄ አንጀት ለማራስ ብቻ ከሆነ መንግሥት ምን ጎደለበት? እኛ ጥያቄው ላይ እናጨበጭባለን፣ እሱ መልሱን እንዳሻው ተናግሮ ይሄዳል፣ ሁላችንም ደስ ብሎን እንበተናለን። በዓመቱ ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፣ እኛም ተመልሰን እናጨበጭባለን።

ተጠያቂነት የሚለውን ቃል ሁላችንም በየቀኑ እንጠራዋለን። ቃሉ ከውጭ የመጣ እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን ችሎት ፊት ቆመው ሲሟገቱ «ተጠየቅ!» ይባባሉ ነበር። በላ ልበልሃ የሚባለው ሙግት እኮ ጠያቂው አንዴ ጮኾ የሚቀመጥበት አልነበረም። ይጠይቃል፣ መልሱን ይሰማል፣ መልሱ ውስጥ ያለችውን ቀዳዳ ይይዝና እንደገና ይጠይቃል። ዳኛው አለ፣ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብም አለ። ያ ሕዝብ ማን አፈነገጠ፣ ማን ቃሉን አጠፈ ብሎ ይመሰክር ነበር። የኦሮሞ ወንድሞቻችንም በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ ኦዳ ቡልቱም ላይ፣ በዋርካው ጥላ ሥር፣ ሕግና ጉዳያቸውን በአደባባይ ሲመክሩበት የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ባለሥልጣንን ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነብን ሁለተኛውን ጥያቄ መተዋችን ነው።

አሁን ወደ ፓርላማው እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል? አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል፣ የአስፈጻሚውን አካል አሠራር ይመረምራል ይላል። ቀጥሎ ያለው ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን ላይ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ይወያያል ይላል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የምክር ቤቱ ወንበር 547 ነው። ሲሦው 183 ይመጣል። በ2013 ዓ.ም ምርጫ፣ ምርጫ ቦርድ በሐምሌ ወር ባሳወቀው ውጤት ብልጽግና 410 ወንበር ሲያገኝ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ዕጩዎች ደግሞ 4 አገኙ። ገዢው ፓርቲ ያልሆነውን ሁሉ ብትደምሩት 15 ነው። ትግራይና ሌሎችም ቦታዎች ምርጫ ስላልተደረገባቸው የተሟላው ወንበር ከ547 ያነሰ ነው ብትሉኝ እንኳ፣ 15 ሰው ሲሦ የሚሆንበት ስሌት የለም።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ተቃዋሚው ተመራጭ በቁጥር አጀንዳ ማስያዝ አይችልም፣ በድምፅ ሕግ ማስቆም አይችልም፣ ሚኒስትር ማውረድም አይችልም። በእጁ ያለው ያቺ የጥቂት ደቂቃ ጥያቄና የቋሚ ኮሚቴ ወንበሩ ናት። ታዲያ ያቺን ደቂቃ በባዶ ምሬት ከሞላት ምን ቀረለት? «ሕዝብ እያለቀ ነው» ሲል መልሱ «እኛም እናዝናለን» ይሆናል። «ኑሮ ተወዷል» ሲል መልሱ «ዓለም አቀፍ ችግር ነው» ይሆናል። «ይህ ሥራ በዚህ ዓመት በጀት ተይዞለት ነበር፤ ገንዘቡ ስንት ወጣ? ሥራው የት ደረሰ? ያላለቀው በማን ምክንያት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። መልሱ ወይ ቁጥር ነው፣ ወይ ሽሽት ነው። ሽሽት ከሆነ ደግሞ ሽሽት መሆኑን ሁሉም ያየዋል።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1997 ዓ.ም ምርጫ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር አግኝተው ነበር። ግቡ አትግቡ በሚለው ክርክር የቅንጅት ቤት ለሁለት ተከፈለ። የገቡት ጠየቁ፣ ያልገቡት መሪዎች ታሰሩ። በ2002 ዓ.ም ደግሞ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 ወንበር ወሰዱ። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከመድረክ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ በግል ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። አምስት ዓመት ሙሉ የተቃዋሚ ፓርቲ ድምፅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ ነበር። በ2007 ዓ.ም ያቺም አንድ ወንበር ጠፋች፤ 547ቱም በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዘ።

ያን ጊዜ «ፓርላማው ሞቷል፣ ከእንግዲህ ማን ይጠይቃል?» ያላለ ማን አለ? ግን የሆነውን አስታውሱ። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማጽደቅ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ሕገ መንግሥቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። አንድም ተቃዋሚ ፓርቲ በሌለበት አዳራሽ 88 ሰው እጁን አውጥቶ «እቃወማለሁ» አለ። መጀመሪያ የተነገረው የድጋፍ ድምፅ 346 ነበር፤ ለሁለት ሦስተኛ የማይበቃ ቁጥር ነው። ቆይቶ «ስህተት ነበር፣ 395 ነው» ተባለ። በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ ብዕርና ወረቀት ይዞ ሲደምርና ሲቀንስ ነበር። እኔ ከዚያ ቀን የተማርኩት እነዚያ 88ቱ ገዢው ፓርቲ ራሱ ያስመረጣቸው ሰዎች መሆናቸውን ነው። ታዲያ ምን ነካቸው? የመረጣቸው ሕዝብ ጎዳና ላይ ነበር፣ ዓይኑም እነሱ ላይ ነበር። መራጩ ዓይኑን ካልነቀለ የገዢው ፓርቲ ተመራጭም ይጠይቃል ማለት ነው።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችሁ «እኛ ምዕራብ ሐረርጌ ነን፤ የአብን ተመራጭ እዚህ የለን፣ የኢዜማም የለን። ማን ይጠይቅልናል?» ትሉኛላችሁ። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4ን አንብቡት። የምክር ቤቱ አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው ይላል። ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር የተመረጠው ዶክተር ደሳለኝ ጫኔ የበደሳን ጉዳይ ቢጠይቅ «ምን አገባህ» የሚለው አይኖርም። ከዚህ ከምርጫ ክልላችሁ የተመረጠውም ፓርቲው ምንም ይሁን ምን ስልኩን ሊያነሳላችሁ ይገባል። በአንቀጽ 12 እና በአንቀጽ 54 መሠረት እምነት ያጣችሁበትን ተመራጭ በሕግ በተደነገገው መንገድ ማንሳት ትችላላችሁ። መብቱ ወረቀት ላይ አለ። እኛ ግን ተመራጫችን ማን እንደሆነ ስሙን እንኳ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? እጃችሁን አታውጡ፣ እኔም ላፍር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ።

በ2014 ዓ.ም ምክር ቤቱ ሥራ ሲጀምር የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን የሚመሩት የአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ ሆኑ። ይህ ወንበር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በአንቀጽ 101 መሠረት የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችንና የሌሎች ፌዴራል ተቋማትን ሒሳብ ይመረምርና ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ያንን ሪፖርት ይዞ የተቋም ኃላፊዎችን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» የሚለው ይህ ኮሚቴ ነው። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ኮሚቴ ያቋቋሙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ነው፤ በልማዳቸውም ሰብሳቢው ከተቃዋሚው ወገን ይሆናል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የራሱን ቤት ሒሳብ ራሱ የሚመረምር ጉድለት አያገኝም። በእኛም አገር ተቃዋሚ ለዚህ ወንበር መብቃቱ ትልቅ ነገር ነበር። ይህን ያደረገው ምክር ቤት በዚህ ሊመሰገን ይገባል፣ እውነት እውነት ነው።

ከዚያስ? ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 8 ቀን ምክር ቤቱ አጸደቀው። በዚያው ሰሞን አቶ ክርስቲያን ታሰሩ፤ በኋላም በሽብር ወንጀል ተከሰሱ። ስለ ክሱ እውነትና ሐሰት እዚህ ቆሜ አልፈርድም። እኔ የማወራው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 6 የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ አይከሰስም ይላል። ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሳው ግን ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። መጀመሪያ እስራት፣ ቀጥሎ ፈቃድ። ጥያቄው የአንድ ሰው አይደለም። ነገ የሚጠይቀው ሌላ ተመራጭ፣ የብልጽግናም ይሁን የሌላ፣ ይህን አይቶ ምን ይላል? «ኮሚቴ ሰብሳቢውም ከዚህ አላመለጠ» ይላል፣ ጥያቄውንም ለስልሶ ይጽፋል። ጉዳቱ የሁላችንም ነው።

ሌላም አለ፣ እሱም የራሳችን ቤት ጉዳይ ነው። ከምርጫው በኋላ የተቃዋሚ መሪዎች የመንግሥት ሹመት ወስደዋል። የአብን ሊቀ መንበር የነበሩት ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር፣ የኢዜማው መሪ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል። አብሮ መሥራትን የሚጠላ የለም፣ እኔም አልጠላም። ግን ካቢኔ ውስጥ ያለ ሰው ተጠያቂ ነው፤ ጠያቂም ተጠያቂም መሆን አይቻልም። መሪው ሲሾም ፓርቲው በምክር ቤት ውስጥ ማን ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድሞ ካልለየ ጥያቄው ባለቤት አልባ ይሆናል። የእኛ ሰው ሲሾም መጠየቅን ከተውን፣ ለካ የምንፈልገው ተጠያቂነትን ሳይሆን ወንበሩን ነበር ያሰኛል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንድ አፍ ሲዘጋ ጥያቄው አብሮ እንዳይዘጋ ከተፈለገ ጥያቄው ብዙ ባለቤት ያስፈልገዋል። ያ ባለቤት አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ።

መጀመሪያ በሩን ለዩ። የቀበሌው ቧንቧ ስለደረቀ ፌዴራል ፓርላማን ብትጠይቁ «የክልሉ ጉዳይ ነው» ተብሎ ያልቃል፣ ትክክልም ነው። የወረዳና የከተማ አስተዳደር ሥራ በወረዳው ምክር ቤትና በጨፌ ኦሮሚያ ይጠየቃል። የፌዴራል መንገድ፣ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ፣ የማዳበሪያ ግዥ፣ የመከላከያና የፌዴራል ፖሊስ ጉዳይ ግን የአዲስ አበባው ምክር ቤት ነው። በር ያሳሳተ ጥያቄ ባለሥልጣንን የሚያሳርፍ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፣ ጻፉት። በንግግር የቀረ ነገር ነፋስ ይወስደዋል። የት፣ መቼ፣ ምን ተብሎ ነበር፣ ስንት ብር ተመድቦ ነበር፣ ማን ፈርሞ ነበር፣ አሁን ምን ላይ ነው? ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉበት። የማታውቁትን ቁጥር ግን አትፍጠሩ! አንድ የተጋነነ ቁጥር ዘጠኝ እውነት ያስጥላል። ተመራጩ ምክር ቤት ውስጥ ያንን ቁጥር ሲጠራ ሚኒስትሩ «ይህ ሐሰት ነው» ካለው፣ ያዋረድነው ራሳችንን ነው። መረጃ የመጠየቅ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29፣ በአዋጅ ቁጥር 590/2000ም አለ። መሥሪያ ቤት ገብታችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከከለከሏችሁም የጠየቃችሁበትን ቀንና የተከለከላችሁበትን ቃል መዝግቡ፤ እሱ ራሱ መረጃ ነው።

ሦስተኛ፣ ብቻችሁን አትጠይቁ። ውሃ ሲጠፋ ኦሮሞውም አማራውም ጀሪካኑን ይዞ ነው የሚሰለፈው። ጫት የጫነው መኪና ኬላ ላይ ሲቆም የገበሬው ሁሉ ቅጠል ነው የሚጠወልገው። በ2008 ዓ.ም ድርቁ እነዚህን ወረዳዎች ሲመታ ብሔር መርጦ አልመታም። የጎረቤታችሁን ስም ከስማችሁ ጎን አስፍሩ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ። የእኛ ጉዳት ሲሆን ብቻ የምንጮህ፣ የጎረቤት ሲሆን የምንተኛ ከሆንን ፍትሕ ፈላጊ ሳንሆን ቂም ቆጣሪ ነን። ትግላችን ደግሞ እንዲያ አይደለም።

አራተኛው ዋናው ነው፣ ለሻይ ቤቱ ልጅ ያልኩት፤ መልሱን ተከታተሉ። ጥያቄው በተጠየቀበት ቀን መልሱን ቃል በቃል ጻፉት። «በሚቀጥለው ዓመት ይጠናቀቃል» ከተባለ ዓመቱን ቁጠሩ። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዓመቱ ሲደርስ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ተመራጩ ጋ ሂዱ፤ «እንዲህ ተብሎልን ነበር፣ አልሆነም፣ ድጋሚ ጠይቁልን» በሉት። ሚኒስትር የሚፈራው ጯሂ ሰውን አይደለም፤ የዛሬ ዓመት የተናገረውን የሚያስታውሰውን ሰው ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። የተረተው ሰው ምክንያት ነበረው፣ ዘመኑ ክፉ ነበር። አሁንም ክፉ ነው፣ አላባብላችሁም። ጠይቆ የታሰረ አለ፣ ከሥራው የተባረረ አለ፣ አገር ጥሎ የወጣም አለ። ማንም ሳያስብ ደረቱን ይስጥ አልልም። በሕግ፣ በጽሑፍ፣ በብዛት፣ በሰላም ጠይቁ ነው የምለው። አንድ ስም ያለው ወረቀት ባለቤቱን ያስፈራራል፣ ሦስት መቶ ስም ያለው ወረቀት ግን ተቀባዩን ያሳስበዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ለዚህ ነው።

ደግሞም እወቁ፣ ዝም ያልነው ነገር ይነቅዛል። የተጀመረው ትምህርት ቤት ግድግዳው ይነቅዛል፣ የተገዛው ማሽን መጋዘን ውስጥ ይዝጋል፣ ለጤና ጣቢያው የመጣው መድኃኒት ቀኑ ያልፍበታል። እነዚህን የሚጠይቅ ጀግና ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አንጠብቅ። ጀግናው ተመራጭ በጥቂት ደቂቃው የሚያነሳው እኛ ያቀበልነውን ነው። ባዶ እጁን ከላክነው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ቃል እንግባ። እያንዳንዱ ሦስት ሰው አንድ ደብተር ይክፈት። በደብተሩ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፍ፣ የበደሳ ወይም የየሰፈራችሁ እውነተኛ ጥያቄ። የሚመለከተው በር ማን እንደሆነ፣ የተጠየቀበት ቀን፣ የተሰጠው መልስ፣ መልሱ የሚደርስበት ቀን ይጻፍበት። በሚቀጥለው ስንገናኝ ማን የበለጠ ጮኸ ብዬ አልጠይቃችሁም፤ «ምን ተመለሰላችሁ?» ነው የምላችሁ።

ያ የሻይ ቤቱ ልጅም መሐላችሁ ካለ፣ ወንድሜ፣ አንጀትህ በጥያቄው ብቻ አይራስ። መልሱን ጠብቅ።

 

(ያነበባችሁ ለጓደኛችሁ አጋሩ። የየአካባቢያችሁን ጥያቄም ከነቀኑና ከነማስረጃው ይዛችሁ ጠብቁን።)